ከቺንጋው በታች ያለ ታሪክ፦ የመሮጫ ማሽንና የጥገና ነገር

(ለታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎችና መምህራን ከቀረበ የሕዝብ ንግግር የተወሰደ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የቋንቋ እርማት ተደርጎበታል። በተለየ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)



 የንግግሬን ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበበ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ «ይህ የታሪክ ክፍል ነው ወይስ የስፖርት አካዳሚ?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልሰጠው አልቻልሁም፤ ስለዚህ ዛሬ እዚህ ተቀምጦ እንዲሰማኝ ለመንሁት። ነገሬን የምጀምረው ከቤቴ ነው፤ በኋላ ወደ እንግሊዝ እስር ቤቶችና ወደ ቤተ ሙከራዎች እሻገራለሁ፤ በመጨረሻም ወደዚያው ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት አባቴ በልብ ሕመም ምክንያት ታክመው ከሆስፒታል ሲወጡ፣ ሐኪማቸው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲራመዱ አዘዙ። ሰፈራችን ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ በዚያ ላይ መንገዱ ለግንባታ ተቆፍሮ ነበር። አሜሪካ የምትኖረው እኅቴ ይህን ስትሰማ፣ ራሷ ስትጠቀምበት የነበረውን የመሮጫ ማሽን በመርከብ ጭና ላከችልን። ማሽኑ በ110 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ ትራንስፎርመር ተገዛለት። አባቴም ሳሎኑ ጥግ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ በየማለዳው ይራመዱበት ጀመር።

ስምንት ወር ያህል እንዲህ ከቆየን በኋላ አባቴ፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር እግሬን ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል» አሉኝ። ቺንጋው የላላ መሰለኝና ከማሽኑ ኋላ ያሉትን ሁለት ብሎኖች አጠበቅሁ። ለጥቂት ቀናት የተሻለው መሰለ። እንደገና ሲያንገራግር እንደገና አጠበቅሁት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አባቴም ወደ ፊት ተወርውረው ደረታቸው ከመያዣው ብረት ጋር ተጋጨ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከመላላጥና ከድንጋጤ ያለፈ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ይሁን እንጂ ልባቸው የታመመ ሰው ናቸው፤ እኔም ያን ቀን የማስተማር ሥራዬን መሥራት አልቻልሁም።

የሚያሳፍረኝ ነገር ደግሞ ይህ ነው። በዚያው ሰሞን በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ እስረኞች ይረግጡት ስለነበረው የእግር መንኮራኩር፣ ማለትም የዚህ ማሽን አያት ስለሚባለው መሣሪያ፣ አንድ ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ነበርሁ። ማን እንደሠራው፣ በየትኛው ሕግ እንደተደነገገ፣ በየትኛው ዓመት እንደቀረ በቃሌ አውቅ ነበር። በአባቴ እግር ሥር የሚዞረውን ቺንጋ ግን አንድም ቀን ገልጬ ከበታቹ አልተመለከትሁም። የዛሬው ንግግሬ የመነጨው ከዚህ ጉድለት ነው። ጉድለቱ የእኔ ብቻ ነው ብዬም አላምንም፤ የሙያችንም ነው።

የመፈልሰፍ ታሪክና የመጠገን ታሪክ

የቴክኖሎጂ ታሪክ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው የልደት ታሪክ ነው። ማን ፈለሰፈው? መቼ? የፈጠራ መብቱን ማን ወሰደ? ዕቃው ከተወለደ በኋላ ያለው ረጅም ዕድሜ፣ ማለትም ሥራው፣ መበላቱ፣ መታደሱና መጣሉ፣ ከምዕራፉ መጨረሻ አንድ አንቀጽ ካገኘ ብዙ ነው። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ዴቪድ ኤጀርተን በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ልማድ በብርቱ ተችቶታል። የቴክኖሎጂ ታሪክ ከፈጠራ ይልቅ በአጠቃቀም ላይ እንዲያተኩር ጠይቋል፤ ለጥገናም አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷል። እኔ ዛሬ የማደርገው ይህን ሐሳብ በአንድ ተራ የቤት ዕቃ ላይ መሞከር ነው። የምጠይቀውም አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰውና ማሽን አብረው ሲደክሙ፣ የሚያልቀው ማን ነው? ያለቀውንስ የሚተካው ማን ነው?

ሰው በእግሩ ረግጦ ኃይል የሚያመነጭበት መንኮራኩር ጥንታዊ ነው። በሮማውያን ዘመን ከባድ ድንጋይ የሚያነሡ መሣሪያዎች በውስጣቸው ሰዎች በሚረግጡት ትልቅ መንኮራኩር ይሠሩ ነበር፤ ሮም ውስጥ በሐቴሪ ቤተሰብ መቃብር ላይ የተቀረጸው ምስል ይህን በግልጽ ያሳያል። በአሜሪካ ገጠሮች ደግሞ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ፈረሶች በተዘቀዘቀ ተንቀሳቃሽ ወለል ላይ እየረገጡ የእህል መውቂያ ያንቀሳቅሱ ነበር። የእኛን ማሽን ስምና ዝና የወለደው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ እስር ቤት ነው።

ነፋስ መፍጨት

ዊልያም ኪዩቢት የወፍጮና የማሽን ሥራን ጠንቅቆ የሚያውቅ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። በ1810ዎቹ መጨረሻ ላይ ሥራ ፈትተው የሚውሉ እስረኞች ሁኔታ ያነጋግር ስለነበር፣ እነርሱን በሥራ የሚጠምድ መንኮራኩር ነደፈ። መሣሪያው ወርዱ ሰፊ፣ ዙሪያውን በደረጃ የተከበበ በርሜል መሰል ነገር ነው። እስረኞቹ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ከፊታቸው ያለውን አግድም ብረት ይዘው፣ ከእግራቸው ሥር የሚሸሸውን ደረጃ ያለማቋረጥ ይወጣሉ። በ1821 ለንደን በሚገኘው የብሪክስተን እስር ቤት ሲተከል ዝናው ናኘ፤ በዚያም እህል ይፈጭበት ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ የእንግሊዝ እስር ቤቶች ተስፋፋ፤ በ1822 ደግሞ ኒው ዮርክ ደረሰ።

በብዙ ቦታ ግን መንኮራኩሩ ምንም አይፈጭም ነበር። በለንደኑ የኮልድባዝ ፊልድስ እስር ቤት ከመንኮራኩሩ ዘንግ ጋር የተያያዘ ትልቅ ማራገቢያ ከጣሪያ በላይ ቆሞ አየሩን ይቀዝፍ ነበር። የማራገቢያው ጥቅም ለእስረኞቹ እግር የሚገፉት ክብደት መፍጠር ብቻ ነው። እስረኞቹ ሥራውን «ነፋስ መፍጨት» ይሉት እንደነበር ተመዝግቧል። በዚያው እስር ቤት ሩብ ሰዓት ረግጦ ሩብ ሰዓት ማረፍ የተለመደ ሥርዓት ነበር።

እዚህ ላይ ያነሣሁትን ጥያቄ እናስታውስ፤ የሚያልቀው ማን ነው? የኪዩቢት መንኮራኩር በወፍጮ ሠሪ እጅ የተነደፈ ጠንካራ መሣሪያ ነው። ዘንጉ እንዲቀባ፣ ጥርሱ እንዲስተካከል፣ የተበላው ደረጃ እንዲተካ ግድ ነበር፤ ይህ ካልሆነ ወፍጮ አይዞርም። ለሚረግጠው አካል ግን የተነደፈ ማደሻ አልነበረም። በሥርዓቱ ውስጥ እንዲያልቅ የተመደበው ክፍል ሰው ነበር። የሚደክመው ሰው ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ መንኮራኩሩ አይቆምም። የኒው ዮርኩን መንኮራኩር ታሪክ በ1824 ያሳተመው ጄምስ ሃርዲ፣ የቅጣቱ አስፈሪነት ከክብደቱ ይልቅ ከማያቋርጥ ተመሳሳይነቱ እንደሚመጣ አመልክቷል።

ይህ ነገር በጃማይካ በጣም ጎልቶ ታየ። በ1834 በብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ባርነት በሕግ ሲሻር፣ ነፃ ወጡ የተባሉት ሰዎች ለጥቂት ዓመታት «ተለማማጅ» በሚል ስም ለቀድሞ ጌቶቻቸው እንዲሠሩ ተደረገ። እምቢ ያለ ወይም ያጠፋ ወደ ማረሚያ ቤት ተልኮ መንኮራኩር ይረግጣል። እጃቸው ከላይኛው ብረት ጋር ይታሰር ስለነበር፣ ደረጃውን መከተል ያቃታቸው ተንጠልጥለው ይቀሩና የሚዞረው ደረጃ እግራቸውን ይመታው ነበር። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ጄምስ ዊልያምስ የደረሰበትን ተናግሮ በ1837 ለንደን ታተመ፤ ምስክርነቱም ብዙ አንባቢ አነቃነቀ። የተለማማጅነት ሥርዓቱ በ1838 አበቃ። በእንግሊዝ ራሷ ግን የ1865ቱ የእስር ቤቶች ሕግ የእግር መንኮራኩርን ከከባድ የጉልበት ቅጣት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ደነገገ። ደራሲው ኦስካር ዋይልድ በ1895 ሲፈረድበት ከገጠሙት ቅጣቶች አንዱ ይኸው ነበር። መሣሪያው ከእንግሊዝ እስር ቤቶች እንዲወገድ መንገዱን የጠረገው የ1898ቱ ሕግ ነው።

ከቅጣት ወደ ልኬት

ከእስር ቤት ወደ ሳሎን የሚወስደው መንገድ በቤተ ሙከራ በኩል ያልፋል። በ1850ዎቹ ኤድዋርድ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የመንኮራኩሩ ድካም በአካል ላይ የሚያደርሰውን ለማወቅ ተነሣ። በኮልድባዝ ፊልድስ እስረኞቹን መረመረ፤ ራሱም መንኮራኩሩ ላይ ወጥቶ ትንፋሹን ለካ። የሚያስፈልገውን ምግብና የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስላቱ ቅጣቱ ከእስረኞቹ ቀለብ ጋር ያልተመጣጠነ መሆኑን ለመከራከር አስችሎታል። በእኔ ግምት ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት የሚጠየቀው መንኮራኩሩ ስንት ጊዜ ዞረ የሚል ነበር፤ ከስሚዝ በኋላ ግን በላዩ ያለው ሰው ምን ሆነ ተብሎ መጠየቅ ተጀመረ።

በ1889 በርሊን ውስጥ ናታን ዙንትስ ፈረስንና ሰውን እያራመደ ትንፋሻቸውን የሚመረምርበት ማሽን አሠራ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የልብ ሐኪሙ ሮበርት ብሩስ ከመሣሪያ ሠሪው ዌይን ኩዊንተን ጋር ሆኖ ማሽኑን ለልብ ምርመራ አዋለው። ዛሬም በስሙ የሚጠራው የምርመራ ሥርዓት በሦስት ደቂቃ ልዩነት ፍጥነቱንና ዳገቱን ይጨምራል፤ የመጀመሪያው ደረጃ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነትና 10 በመቶ ዳገት ነው። አባቴ ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት የተመረመሩት በዚህ ሥርዓት ነው።

የመጨረሻው እርምጃ ወደ ቤት የተወሰደው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር በ1968 «ኤሮቢክስ» የተሰኘውን መጽሐፉን አሳተመ፤ አዘውትሮ መሮጥ ለልብ ያለውን ጥቅምም ለተራው አንባቢ አስረዳ። መጽሐፉን ያነበበው መካኒካል መሐንዲሱ ዊልያም ስታውብ ተራ ቤተሰብ ሊገዛው የሚችል ማሽን አለመኖሩን አስተዋለና ራሱ ሠራ፤ ፔስማስተር 600 ብሎም ሰየመው። ስታውብ በ2012 በ96 ዓመቱ አረፈ።

በዚህ ማሽን አሠራር ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በብርቱካናማ ቺንጋው ሥር 40 የብረት ሮለሮች ተደርድረው ነበር። በዛሬዎቹ አብዛኞቹ የቤት ማሽኖች ግን ሮለር የሚገኘው ከፊትና ከኋላ ብቻ ነው። በመካከሉ ያለው ጠፍጣፋ ጣውላ ነው፤ ቺንጋውም በዚህ ጣውላ ላይ ይንሸራተታል። ጣውላው ክፍሎችን ይቀንሳል፣ ድምፅን ያበርዳል፣ ዋጋን ያረክሳል። በምላሹ ግን አንድ ዕዳ ይዞ ይመጣል። በሮለር ላይ የሚንከባለለው አሁን ይፋተጋል፤ የሚፋተግ ነገር ደግሞ ቅባት ይፈልጋል። በሌላ አነጋገር፣ ማሽኑ ሲረክስ ሰበቃውን የመሸከም ኃላፊነት ከፋብሪካው ወደ ቤቱ ባለቤት ተሻገረ። ባለቤቱ ይህን ካላወቀ ዕዳው ሳይታይ ይጠራቀማል። በእኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

ቺንጋውን ማንበብ

ከአደጋው በኋላ አንድ የጥገና ባለሙያ ተፈልጎ መጣ። ወጣት ነው፤ በአዲስ አበባ የስፖርት ቤቶች ማሽኖች እየዞረ የሚጠግን። እኔ የጥርጣሬዬን ዝርዝር ልነግረው ስዘጋጅ፣ እርሱ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ተንበርክኮ፣ እጁን በቺንጋውና በጣውላው መካከል አስገባ። መልሶ ሲያወጣው ጣቶቹ በጥቁር ብናኝ ተሸፍነዋል። «መምህር፣ ይህ ላልቶ አይደለም፤ ጠምቶት ነው። እርስዎ ደግሞ አነቁት» አለኝ።

ከዚያ ያስረዳኝን በራሴ ቃል ላቅርብላችሁ። የመሮጫ ቺንጋ ባለ ሁለት ገጽ ነው። የላይኛው ገጽ እግር እንዳይንሸራተት የተሸካከረ ፕላስቲክ ሲሆን የታችኛው የተሸመነ የፖሊስተር ጨርቅ ነው። የሲሊኮን ዘይቱን ይዞ የሚያቆየው ይህ ሽመና ነው። ሰው በረገጠ ቁጥር ክብደቱ ቺንጋውን ከጣውላው ጋር ያጣብቀዋል። ዘይት ካለ ያልፋል፤ ከሌለ ለቅጽበት ይያዛል። ሞተሩ ይህን ለማሸነፍ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ኃይሉን የሚቆጣጠረው ቦርድ ይግላል፤ በመጨረሻም ማሽኑ ራሱን ለማዳን ያጠፋል ወይም ቦርዱ ይቃጠላል። አባቴ «ያዝ ለቀቅ» ያሉት ይህን ነበር። እኔ ብሎኑን ሳጠብቅ መንሸራተቱን ለጊዜው ሸፈንሁት እንጂ ሰበቃውን አልቀነስሁም፤ ይባስ ብሎ የኋላው ሮለር ኩሽኔታዎች ከልክ በላይ እንዲጨነቁ አደረግሁ።

ሁለቱን ችግሮች መለየት ቀላል መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሽፋኑ ተከፍቶ ሰው በዝግታ ሲራመድ የፊተኛውን ሮለር መመልከት ይበቃል። ቺንጋው ሲያንገራግር ሮለሩ መዞሩን ከቀጠለ ቺንጋው በእርግጥ ላልቷል። ሮለሩም አብሮ ከቆመ ግን ችግሩ ወደ ሞተሩ በኩል ነው፤ ወይ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ትንሹ ቺንጋ ይንሸራተታል፣ ወይም ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። የእኛው ከኋለኛው ወገን ነበር።

እንክብካቤውም ከባድ አይደለም። ሶኬቱን ነቅሎ የቺንጋውን ጠርዝ ማንሣት፤ በደረቅ ጨርቅ ጣውላውን መጥረግ፤ ንጹሕ የሲሊኮን ዘይት በጣውላው መሐል ላይ በስሱ ማፍሰስ፤ ከዚያም ዘይቱ እንዲሠራጭ ማሽኑን በዝግታ ለጥቂት ደቂቃዎች ማዞር። በየስንት ጊዜው መቀባት እንዳለበት የየማሽኑ መመሪያ ይናገራል፤ ቅባት የማይፈልጉ ማሽኖችም ስላሉ መመሪያውን ማንበብ ግድ ነው። የሞተር ዘይትና ሌላ ከነዳጅ የሚገኝ ቅባት ቺንጋውን ስለሚጎዳ አይነካም። ውጥረቱ ትክክል ሲሆን ቺንጋው መሐሉ ላይ ሲያዝ ከጣውላው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ወደ ግራ ከሄደ የግራው ብሎን፣ ወደ ቀኝ ከሄደ የቀኙ፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳይበልጥ ይጠብቃል፤ ከዚያ ማሽኑን አዙሮ ታግሦ መመልከት ነው። በእኛ አገር ሁኔታ ደግሞ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛው አቧራ ነው፤ የሞተሩ ክፍል በየጊዜው መጽዳት አለበት። ሁለተኛው የኃይል መዋዠቅ ነው፤ መብራት ሲሄድ ማሽኑን ከሶኬት መንቀል ልማድ መሆን አለበት። በማሽኑ ላይ የቆመ ሰው ሁልጊዜ የደኅንነት ቁልፉን ገመድ ከልብሱ ጋር ማያያዝ እንዳለበት ለመናገርም ከእኔ በላይ ማንም አይገባውም።

ባለሙያው ቺንጋውን ሲያወጣ የታችኛው ገጹ እንደ መስታወት ልጦ ነበር። የጣውላው የላይኛው ፊትም ተበልቶ ስለነበር ገልብጦ ባልተነካው ፊቱ አስቀመጠው። ቺንጋውን ከሌላ የተበታተነ ማሽን አገኘልን። አሮጌውን ጠቅልሎ ሊጥለው ሲል ግን ቆም ብሎ ዘረጋው፤ በጣቱም እየዳሰሰ፣ «አባባ ሲራመዱ ወደ ቀኝ ይደገፋሉ?» ሲል ጠየቀኝ። አላውቅም አልሁት። ቺንጋው በቀኝ በኩል ካለው ይልቅ በግራ በኩል የተሻለ መሆኑን፣ ሲዞርም ወደ አንድ ጎን ይጎተት እንደነበር አሳየኝ። «ግራ እግራቸውን ይሳሱለታል ማለት ነው» አለ።

ማታ አባቴን ጠየቅኋቸው። ግራ ጉልበታቸው ከጀመራቸው ወራት አልፈዋል። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው፣ «ስለ ልቤ ስትጨነቅ በጉልበቴ ደግሞ ላስጨንቅህ?» አሉኝ። እንግዲህ አስቡት። በአንድ ቤት እየኖርን፣ በየማለዳው እያየኋቸው፣ እኔ ያላነበብሁትን ሰነድ አንድ የማያውቃቸው ወጣት በሩብ ሰዓት አነበበው።

የጠጋኙ እውቀት

ሰነድ ያልሁት ለማጋነን አይደለም። የታሪክ ባለሙያ ከሰነድ የሚጠብቀው ያለፈ ድርጊት የተወውን ዱካ ነው። ያ ቺንጋ የስምንት ወር ዱካ ይዞ ነበር፤ ማንም እንዲነበብ ብሎ አልጻፈውም፤ ስለዚህም አልዋሸም። ስለ እስር ቤቱ መንኮራኩር ስናጠና ሕጉን፣ የሹማምንቱን ዘገባና የተሐድሶ ማኅበራትን ጽሑፍ እናገላብጣለን። ለየደረጃው መተኪያ እንጨት የተከፈለውን ሒሳብ፣ ዘንጉን የቀባውን ሰው ደመወዝ ግን ስንቶቻችን ፈልገናል? በእነዚያ ሒሳቦች ውስጥ መንኮራኩሩ መቼ በእርግጥ እንደሠራና መቼ ቆሞ እንደዋለ ሊገኝ ይችላል። ሕጉ ሊሆን የሚገባውን ይነግረናል፤ የጥገናው መዝገብ ግን የሆነውን ያሳያል።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ትርጉም አለው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸማ የሚሸምነው ሰው በእጁ ሥራ የምንኖር ሆነን ሳለን በሥራው ስንሰድበው የኖርን ሕዝብ ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው የነገሩን ሥር መስደድ ያሳያል። ስድቡ ዛሬ በአብዛኛው ቀርቶ ይሆናል፤ የቀረው ግን ዝምታው ነው። ስለ ሸማኔው የጻፍነው ጥቂት ነው፤ ስለ ጠጋኙ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በየመንገዱ ሬዲዮ፣ ሰዓት፣ ጫማ፣ ስልክ የሚጠግኑ ሰዎች ከሌላ አገር የመጣን ዕቃ ከአገራችን አቧራና ከአገራችን መብራት ጋር ሲያስታርቁ ኖረዋል። ይህ እውቀት ነው፤ ታሪክም አለው። የቃል ታሪክ ለምትሰበስቡ ተማሪዎቼ የማቀርበው ልመና፣ ቀጣዩን ቃለ መጠይቃችሁን ከአንድ ጠጋኝ ጋር እንድታደርጉ ነው። ያ ወጣት ባለሙያ በኪሱ የምትያዝ ደብተር አለችው። የጠገነውን ማሽን፣ ቀኑን፣ ዘይት ከመቀባቱ በፊትና በኋላ ሞተሩ የሳበውን ኤሌክትሪክ ይጽፍባታል። እንድትጠፋ የማልፈልጋት መዝገብ ናት።

የባልደረባዬን ጥያቄ አልረሳሁም። ይህ የታሪክ ክፍል ነው። በእስር ቤቱ መንኮራኩር ላይ እንዲያልቅ የተመደበው ሰው ነበር። በሳሎናችን ባለው ማሽን ላይ ግን ሰው እንዳያልቅ የሚያልቀው ቺንጋው ነው፤ መተኪያ ያለው፣ ርካሽ፣ ዝምተኛ ጨርቅ። ይህ መልካም ለውጥ ነው፤ በራሱ ግን ዘላቂ አይደለም። የሚቀባው፣ የሚያስተካክለው፣ የሚተካው እጅ ከሌለ ድካሙ ተመልሶ በላዩ ያለው ሰው ላይ ይወድቃል። እኔ ይህን የተማርሁት አባቴ ሲወድቁ ነው፤ እናንተ ግን በዚህ መንገድ መማር የለባችሁም።

አባቴ አሁን ጉልበታቸውን እየታከሙ ናቸው፤ ፍጥነቱን ቀንሰው በየማለዳው ይራመዳሉ። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ማሽኑን ነቅዬ እጄን ከቺንጋው በታች አስገባለሁ፤ እርሳቸውም ወንበር ስበው ይቀመጡና ያዩኛል። የዳሰስሁትን በደብተር እጽፋለሁ። ከዚያ ስለ ጉልበታቸው እጠይቃቸዋለሁ፤ የነገሩኝንም ከዚያው ሥር እጽፋለሁ።